ባለ ቀንዱ አንባቢ

የሌላ ሰው ቤት ገብታችሁ፣ ማንም ሳይጠይቃችሁ ዕቃውን አስተካክላችሁ፣ ባለቤቱ «እግዜር ይስጥልኝ» ሳይል ሲቀር ተቀይማችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ተቀይሜ አውቃለሁ። ቅያሜዬ ሁለት ቀን ያህል ከቆየ በኋላ ሱሉልታ ውስጥ አንድ በረት ደጃፍ ላይ፣ አንዲት እናት እጃቸውን ወደ ጆሮዬ ሲሰዱ አበቃ። እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል ላስረዳ። በቅደም ተከተል ማስረዳት እወዳለሁ፤ ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

ያኔ ሰበታ ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ከከተማው ከፍ ብሎ ባለው ደብራችን ሰንበት ትምህርት ቤት አገለግላለሁ። ሥርዓት ወዳድ ነኝ። ደብተሩን ያልሸፈነ ተማሪ ክፍሌ አይገባም። እኔም መጽሐፍ ገና እጄ እንደገባ በሰማያዊ ወረቀት ሸፍኜ፣ እጥፋቱን በሙጫ ለጥፌ፣ ጀርባው ላይ ቁጥር እጽፍበታለሁ። በተከራየኋት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከሽሮ ዕቃው በቀር ቁጥር የሌለው ነገር አልነበረም። መጽሐፎቼ መቶ አሥራ አራት ደርሰው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱን እንዳነበብኩ አትጠይቁኝ፤ እሱን አልቆጠርኩም።

የኔታ ዕንባቆም የደብሩ የመጻሕፍት ቤት ኃላፊ ናቸው። ቅኔውንም ትርጓሜውንም የጠጡ ሊቅ ናቸው፤ ስለ አንድ ቃል ብትጠይቋቸው ሦስት መጽሐፍ አውርደው አራተኛውን ያስነብቧችኋል። የሚኖሩትም እዚያው ነው፤ መደርደሪያው ሲያልቅ አንድ መጋረጃ አለ፣ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋቸው። ከዚህ ሁሉ ሌላ ሥዕል ይሥላሉ። ሥዕል ማንም ያላስተማራቸው ሙያ ነው፤ ያለመማራቸውም በደንብ ያስታውቃል። ቀለማቸው የደብሩ የብረት በር ሲቀባ የተረፈው ስለሆነ፣ የሚሥሉት ሰው ሁሉ፣ ሀብታሙም ድኻውም፣ አረንጓዴ ለብሶ ነው የሚወጣው።

ሰበታ በገባሁ ሳምንት «ውሰድ፣ አንብብ» ብለው አንድ መጽሐፍ ሰጥተውኝ ነበር። የመደርደሪያዬ ቁጥር አንድ እሱ ነው። በዚህ ደግነታቸው እወዳቸዋለሁ። አሠራራቸውን ግን ልወደው አልቻልኩም።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ሰው መጽሐፍ ተውሶ ሲሄድ ስሙን አይመዘግቡም። ሰውየው ከወጣ በኋላ ቁጭ ብለው ፊቱን ከትዝታቸው በብስኩት ካርቶን ቁራጭ ላይ ይሥሉና መጽሐፉ በነበረበት ክፍት ቦታ ላይ ያቆሙታል። መጽሐፉ ሲመለስ ሥዕሉ ወጥቶ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ተዋሹ ከልክ በላይ ከቆየ ሥዕሉን ደግመው ይሥሉታል፤ በዚህ ጊዜ ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ለማያውቅ ላስረዳ፦ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ክፉዎች ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። የኔታ ይህን ሕግ ወስደው መጽሐፍ በሚያዘገይ ሰው ላይ ተረጎሙት ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የማውቀው አሁን ነው። ያኔ የማየው የተለያየ ቁመት ያላቸው መጻሕፍትና በመካከላቸው የቆሙ የካርቶን ቁራጮችን ብቻ ነበር፤ አንድ የሒሳብ መምህር ይህን አይቶ እንቅልፍ ሊወስደው አይችልም።

በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት የኔታ ለአንድ ወዳጃቸው ተዝካር ወደ መናገሻ ሄዱ። ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። «ጠዋት ጠዋት መስኮቱን ክፈትላቸው፤ አየር ይፈልጋሉ» አሉኝ። ያሉኝ ይኸው ነበር፤ መስኮት መክፈት።

ሰኞ መስኮቱን ከፈትኩ። ማክሰኞ መደርደሪያውን አራገፍኩ። መጻሕፍቱን በይዘት ለየሁ፣ በቁመት ደረደርኩ፣ ቁጥር ሰጠሁ። ሦስት ክፍት ቦታዎች ነበሩ፤ በየክፍቱ አንድ አንድ የተሣለ ካርቶን። ካርቶኖቹን ከሣጥኑ ጋር ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ውስጥ ከትቼ፣ መጻሕፍቱን ገፋ ገፋ አድርጌ ክፍቶቹን ዘጋኋቸው። እንዴት እንዳማረ!

ረቡዕ ጠዋት ያማረውን ሥራዬን ከደብሩ የርክክብ መዝገብ ጋር ሳመሳክር ሦስት መጻሕፍት ጎደሉኝ። ሁለቱ የታተሙ ናቸው፤ ይገኛሉ። ሦስተኛው ግን መዝገቡ ላይ «ቀይ ልባስ ያለው የእጅ ጽሑፍ፣ አንድ፣ ሌላ ቅጂ የለውም» ተብሎ የተጻፈ ነበር። እስክሪብቶዬን ከጆሮዬ ላይ አወረድኩና ሰባት ነጥብ ያለው ሪፖርት ጻፍኩ። ነጥብ አንድ፣ የአመዘጋገብ ሥርዓት አለመኖር። ነጥብ ሦስት፣ ምትክ የሌለው ቅርስ መጥፋት። ነጥብ አራት፣ መጻሕፍት ለማይመለከታቸው የውጭ ሰዎች መሰጠት። ነጥብ ሰባት ምስጋና ነበር፤ ለራሴ።

ሪፖርቱን ለሰበካ ጉባኤው ምክትል ሰብሳቢ ለኦቦ ገመቹ ሰጠኋቸው። ኦቦ ገመቹ ዋናው መንገድ ላይ የቆርቆሮና የሲሚንቶ መደብር አላቸው፤ የመጻሕፍት ቤቱን ክፍል ለጧፍና ለጥላ መሸጫ ሲመኙት ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ።

«ዱጋ፣ እውነቴን ነው፣ አንተ ልጅ ትልቅ ሰው ትሆናለህ።»

ይህን እንደ ምርቃት ወሰድኩት።

ሐሙስ ጠዋት ጉባኤው ተሰበሰበ። የኔታ ከመናገሻ አቧራቸውን ሳያራግፉ ቀረቡ። «መጻሕፍቱ የት ናቸው?» ተባሉ። «ሰው ዘንድ» አሉ። «ማን ዘንድ?» ሲባሉ ዝም አሉ። ውሳኔው አጭር ነበር፦ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱም መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ ካልቀረቡ ክፍሉ ለመሸጫ ይሰጣል፤ የኔታም ሌላ ማደሪያ ይፈልጋሉ። ለእኔ ምስጋና ተመዘገበ። የኔታ ሌላ ማደሪያ እንደሌላቸው ግን በቃለ ጉባኤው አልተመዘገበም።

እንዲህ ይሆናል ብዬ አልነበረም። ሪፖርት ስጽፍ የማስበው ስለ ርዕሱና ስለ ኅዳጉ ነው፤ መጨረሻው ላይ የሰው አልጋ እንዳለ አላሰብኩም። ልጽናናቸው ወደ መጻሕፍት ቤቱ ሄድኩ። መደርደሪያው ፊት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል።

«መምህር ዳግም፣ ቤቴን አሳመርክልኝ» አሉ።

«ምንም አይደል፣ የኔታ።»

«ሦስት ክፍት ቦታ ነበረኝ።»

«ዘጋኋቸው። ክፍተት ለዓይን ደስ አይልም፤ አቧራም ያስገባል።»

«ክፍተቱ መጽሐፍ ነበር እኮ» አሉ፤ ቁጣ የለባቸውም፤ ይልቁንም ለሰነፍ ተማሪ በሁለተኛ መንገድ እንደሚያስረዳ አስተማሪ ነበሩ። «የወጣው መጽሐፍ ቦታውን ይዞ ይጠብቃል። አንተ አባረርከው።»

«ማን እንደወሰዳቸው ያውቃሉ?» አልኩ፤ ምስጋና ጠብቄ ስለነበር ተቀይሜያለሁ።

«አሳምሬ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም? ቤትዎን ሊወስዱ ነው!»

«ስም ጠየቁኝ። እኔ ዘንድ ስም የለም፣ ፊት ነው ያለው። መጽሐፍ ያስቀረ ሰው መጥቶ ራሱን መደርደሪያ ላይ ሲያይ ያፍራል፤ ሲያፍር ይመልሳል። ስሙን ለጉባኤ ብሰጥ ይጣላኛል፤ መጽሐፉም እሱም ይቀሩብኛል።»

የሲሚንቶውን ከረጢት ዘርግፈው ሦስት ካርቶኖች መርጠው አወጡ። ሦስቱም ባለ አንድ ዓይን።

«የበተንከው አንተ ነህ፤ አንተው ሰብስበው። ይህ ቡራዩ ነው፤ ይህች ሱሉልታ፤ ይህ ደግሞ እዚሁ ሰበታ። ቀዩ ከሦስቱ ባንዱ ዘንድ አለ።»

የቡራዩው የፋብሪካ ቆብ ያደረገ፣ ጉንጩ ላይ ጠባሳ ያለው ወጣት ነው። የሱሉልታዋ ሻሽ ያሰሩ እናት ናቸው፤ ከኋላቸው አንድ ቀንዷ የተሰበረ ላም ቆማለች። የሰበታው ግን ምን ልበላችሁ፤ ግንባሩ ወደ ፊት የገፋ፣ አገጩ ወደ ኋላ የሸሸ፣ አንገቱ በአረንጓዴ ሸሚዝ የታነቀ ሰው ነው። ከጆሮው በላይ ደግሞ አንድ ቀጭን ቀንድ ወጥቶለታል።

«ይህኛው ሰይጣን ነው እንዴ፣ የኔታ?»

«የለም፣ ሰው ነው» አሉና ሣቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑት። «ተፈላጊ ሰው ነው። ፈልገው።»

የእኔ ሥዕል በከረጢቱ ውስጥ እንደሌለ ልብ ብያለሁ። መጽሐፍ ተውሼ ስለማላውቅ ኮራሁ።

ቀንዱን ያየሁ ጊዜ ልቤ የሄደው ወደ ኦቦ ገመቹ ነበር። ሰበታ ናቸው፣ ክፍሉን ይመኛሉ፣ ግንባራቸውም ትልቅ ነው። አርብ ጠዋት ከመደብራቸው ደረስኩ። ከጎን ላያቸው ስል በግራቸው ዞርኩ። እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። በቀኛቸው ዞርኩ። አሁንም ዞሩ።

«ማል በርባዳ? ምን ፈልገህ ነው የምትዞረኝ? ዶሮ ነኝ እንዴ ልትይዘኝ?»

«ኦቦ ገመቹ፣ መጽሐፍ ተውሰው ያውቃሉ?»

«እኔ? እኔ የማነበው ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ያለውን ነው። እሱም ይበቃኛል፣ እውነቱን ነው የሚጽፈው፤ ሃምሳ ኪሎ ካለ ሃምሳ ኪሎ ነው።»

ካርቶኑን አውጥቼ ከጆሯቸው አጠገብ ያዝኩት። ከእጄ ነጠቁኝ። ሥዕሉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ሥዕሉን አዩ። ከዚያ ሣቁ። እስኪያስላቸው ድረስ ሣቁ፤ የቆርቆሮ ክምሩን ተደግፈው ሣቁ።

«ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ ወይ? በየቀኑ ነው የማየው!»

«ማነው?»

«ወላሂ አልናገርም» አሉ፤ መሐላ ሲጠፋቸው ጎረቤታቸው ነጋዴ የሚምለውን ነበር የሚምሉት። «እሑድ እናየዋለን። እሑድ ለማንም አልቀርም!»

ጥፋተኛ ሰው እንዲህ ነው የሚሥቀው ብዬ ደመደምኩ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ተጠርጣሪ ሐ፦ ከመጠን በላይ ሣቀ» ብዬ ጽፌ ወደ ቡራዩ ተጓዝኩ።

ከሰበታ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ዊንጌት፣ ከዊንጌት ቡራዩ፤ በሦስት ሚኒባስ ሥዕሎቹን ደረቴ ላይ አቅፌ ሄድኩ። ሥዕሉ ላይ ያለውን ቆብ ምልክት አድርጌ ክር ፋብሪካውን አገኘሁት። የበሩ ጥበቃ ሥዕሉን አይቶ ወደ ውስጥ ጮኸ።

«ታሜ! ታምራት! ሥዕልህን ይዘው መጥተዋል፣ ምን አድርገሃል?»

ታምራት ፈረቃው ሊገባ ሲል ነው የደረስኩበት። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ከወላይታ ለሥራ የመጣ ልጅ ነው። ካርቶኑን ሲያይ እጁን ጉንጩ ላይ ጫነ።

«አንድ ዓይን አደረጉኝ? ወይኔ! ቆይ፣ ቆይ መጣሁ።»

የተከራየው ቤት ከፋብሪካው ጀርባ ነበር። ሮጦ ሄዶ አንድ አሮጌ የግእዝ ሰዋስው መጽሐፍና አምስት የተሞሉ ደብተሮች ይዞ መጣ። ቀዩ አይደለም። ደብተሮቹን ገለጥኳቸው፤ መጽሐፉን ከመጀመሪያ ገጽ ጀምሮ በእጁ ገልብጦታል።

«አሥር ገጽ ቀርቶኝ ነው እንጂ እመልሰው ነበር። ፈረቃ ሲበዛብኝ እጄ ይደክማል» አለ።

«ደብራችን ነው የምትሳለመው?» አልኩት።

«የለም፣ እኔ ጴንጤ ነኝ።»

ነጥብ አራት ትዝ አለኝ። «ታዲያ የኔታ እንዴት ሰጡህ?»

«ሰበታ ግንባታ ላይ ስሠራ በራቸው ክፍት ነበር፣ ገባሁ። የምን ሃይማኖት ነህ አላሉኝም። 'የት ሆነህ ነው የምታነበው? መብራት አለህ ወይ?' ነው ያሉኝ።» ከዚያ ጠየቀኝ፦ «አንተስ ከሳቸው ምን ወስደህ አነበብክ?»

«እኔ ተውሼ አላውቅም» አልኩ፤ ኮራ ብዬ።

«አጠገባቸው እየኖርክ?» አለ። ነቀፋ አልነበረበትም፤ ገርሞት ብቻ ነው። ለዚያ ነው ያመመኝ። ባለ ቀንዱን ሳሳየው ለረዥም ጊዜ አየው፣ እኔንም አየ፤ ሊናገር አፉን ሲከፍት የፋብሪካው ደወል ጮኸ። «ይቅርታ፣ ደመወዝ ይቆረጥብኛል» ብሎ ሮጠ። ከበሩ ሲገባ ዞር ብሎ የጮኸውን ግን ሰማሁት፦ «ሰውየውን ስታገኘው ሸሚዙን ትንሽ ይፍታው በለው!»

ቅዳሜ ሱሉልታ ገባሁ። ሥዕሉን ለባጃጅ ሾፌሩ ሳሳየው ሴትዮዋን አላወቃቸውም። ላሟን ግን ወዲያው አወቃት። «የአዴ ጫልቱ ቡሬ ናት!» አለ። የኔታ ከሰው ይልቅ ከብት ይሆንላቸዋል።

አዴ ጫልቱ በረቱ ደጃፍ ላይ የወተት ጣሳ እያጠቡ ነበር። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጥ ያሉ እናት ናቸው።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ፣ ኮቱ፣ ና ቁጭ በል» አሉኝ ገና ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቁ። ሥዕላቸውን ሲያዩ ጮክ ብለው ሣቁ። «ዱጋ? እኔን በአንድ ዓይን? የኔታ ጨከኑ! ላሜን ግን አሳምረዋታል፤ እሷ አላዘገየችማ!»

እጃቸውን አብሰው ገቡና በንጹሕ ነጠላ የተጠቀለለ ዳዊት አወጡ። ይህም ቀይ አይደለም።

«እህቴ ሰበታ ናት፤ እሷን ስጠይቅ ነው የኔታን ያወቅኳቸው። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው፣ በዚህ ዕድሜዬ። መዝሙር ሃምሳ ላይ ደርሻለሁ። እሑድ አሳያቸውና ሰኞ መልስልኝ፤ እረሳዋለሁ ያለዚያ።»

መጽሐፉን ተቀበልኩ። ሁለቱ ተገኙ፤ ቀዩ ቀረ። ቀሪው አንድ ቀን ነው፤ ያለኝም አንድ ባለ ቀንድ ሥዕል። ከተስፋ መቁረጤ የተነሣ ነው እንጂ ሰበታ ያለን ሰው ሱሉልታ ላይ መጠየቅ ትርጉም አልነበረውም።

«አዴ፣ ይህንንስ ያውቁታል?» አልኩ። «የጠፋው መጽሐፍ እሱ ዘንድ ነው። መልኩ እንደሚያዩት ክፉ ነው፤ ቀንድም አለው። የኔታ በእሱ ምክንያት ከቤታቸው ሊወጡ ነው።»

ሥዕሉን በብርሃን በኩል አድርገው አዩት። ሣቁ ከፊታቸው ጠፋ።

«የቱ ነው ቀንዱ?»

«ይኸው፣ ከጆሮው በላይ።»

ያኔ ነው እጃቸውን የሰደዱት። ከጆሮዬ ላይ እስክሪብቶዬን መዘዙና ሥዕሉ ላይ፣ ልክ በቀንዱ ላይ አስተኙት። ርዝመቱም ዘመም ማለቱም አንድ ነበር።

«ኢልማ ኮ» አሉ ዝግ ብለው፣ «ልጄ፣ ቀንዱ ይኸውልህ።»

ቡሬ በረት ውስጥ ታመሰኳለች።

«አይሆንም» አልኩ። «የእኔ ግንባር እንዲህ አይደለም። አገጬም።»

«አንተ የምታውቀው ከፊት ነው። ጎንህን የምናየው እኛ ነን።»

ስልኬን አውጥቼ እጄን ዘርግቼ ራሴን በጎን አነሳሁ። ከሥዕሉ ጋር አስተያየሁት። ግንባሩ፣ አገጩ፣ ያ የታነቀ አንገት። የኔታ ማንንም አስመስለው መሣል አይችሉም ስል የኖርኩትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ዋጥኩት። ኦቦ ገመቹ ለምን እንደሣቁ ገባኝ። ታምራት ስለ ሸሚዙ የጮኸውም ገባኝ። አዴ ጫልቱ አንድ ኩባያ ወተት ሰጡኝና ቆመው እንደ ታመመ ሰው አስጠጡኝ።

ከሱሉልታ ስመለስ መኪናው የእንጦጦን ቁልቁለት ሲወርድ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። እኔ መጽሐፍ ተውሼ አላውቅም። ቀይ መጽሐፍም የለኝም፤ ያሉኝ ሁሉ ሰማያዊ ናቸው። ሁሉም ሰማያዊ ናቸው... ይህን ለራሴ ሁለተኛ ጊዜ ስለው ክርክሩን አቆምኩ። ሁሉም ሰማያዊ የሆኑት እኔ ስለሸፈንኳቸው ነው። ቁጥር አንድ! «ውሰድ፣ አንብብ» ነበር ያሉኝ። «የአንተ ይሁን» አላሉም። ከሸፈንኩት ቀን ወዲህ ከፍቼው አላውቅም፤ በማሽን ይታተም በእጅ ይጻፍ እንኳ ትዝ አይለኝም።

ቤቴ የደረስኩት ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ጫማዬን ሳላወልቅ ሰማያዊውን ወረቀት ቀደድኩት። ቀይ ቆዳ። ውስጡን ስገልጥ ወረቀቱን የለጠፍኩበት ሙጫ ደርቋል፤ በጥፍሬ ፈቀፈቅኩት። ከሥሩ የደብሩ ማኅተም ወጣ። ለሥርዓት ብዬ እጥፋቱን የለጠፍኩት ማኅተሙ ላይ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤው ተሰበሰበ። የደብሩ አስተዳዳሪ ከመካከል፣ ኦቦ ገመቹ ከቀኛቸው፣ ሌሎች አራት አባላት። የኔታ ከበሩ አጠገብ መቋሚያቸውን ተደግፈዋል። ሦስቱን መጻሕፍት ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ፤ በቁመት መደርደሬን የተገነዘብኩት ዘግይቼ ነው።

«ቀዩ ከየት ተገኘ?» አሉ አስተዳዳሪው።

እዚህ ላይ ልናዘዝ። ሌሊቱን አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፦ «ባደረግሁት ክትትል ተገኝቷል።» ሐሰት የለበትም። የኔታን አየኋቸው፤ ወለሉን ያያሉ። አይናገሩም። ዝም ካልኩ ዝም ይላሉ፤ ክፍላቸውም ይተርፋል፣ ስሜም ይተርፋል። ኦቦ ገመቹ ደግሞ አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው እንደ ኳስ ተመልካች ይጠብቁኛል። ቢፈልጉ ሊያጋልጡኝ ይችሉ ነበር፤ የፈለጉት ግን ራሴ ስወድቅ ማየት ነው።

«ከእኔ ቤት» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«ከእኔ ቤት ነው የተገኘው። ሦስት ዓመት ያህል በሰማያዊ ወረቀት ሸፍኜ አስቀምጬዋለሁ። ሁለቱን መጻሕፍት ከወሰዱት ሰዎች አንዱ አምስት ደብተር ገልብጧል፣ አንዲት እናት ደግሞ ማንበብ ተምረውበታል። ያላነበብኩት እኔ ነኝ።»

«ሪፖርቱንም የጻፍከው አንተ ነህ አይደል?» አሉ ኦቦ ገመቹ፤ መልሱን እያወቁ።

«እኔ ነኝ።»

«ነጥብ ሦስት ምን ይል ነበር? ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብልን እስኪ።»

«ምትክ የሌለው ቅርስ መጥፋት።»

አስተዳዳሪው ጥምጥማቸው እስኪላላ ሣቁ። ሌሎቹም ተከተሉ። እንዲያ ተሥቆብኝ አያውቅም፤ ተማሪዎቼ እንኳ ፊት ለፊት እንዲያ አይሥቁም። ሣቁ ሲበርድ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፦ ክፍሉ ለጊዜው በመጻሕፍት ቤትነቱ ይቀጥል፣ መምህር ዳግም ክፍት ቦታዎቹን ወደ ነበሩበት ይመልስ፣ ምስጋናው ይሰረዝ። «ለጊዜው» የምትለዋን ያስገቡት ኦቦ ገመቹ ናቸው። እስከ ዛሬም በክፍሉ በኩል ባለፉ ቁጥር በእርምጃቸው ስፋቱን ይለካሉ።

ከሰዓት በኋላ ከየኔታ ጋር መደርደሪያውን አፈረስን። ቀዩ ወደ ቦታው ሊመለስ ሲል «አሁን እንግዲህ ሁለት ዓይን ይሥሉልኛል» አልኩ።

«መጽሐፉ ምን ይላል?»

ልባሱን አገላብጬ አየሁ።

«ርዕሱስ?»

ርዕሱንም አላየሁም ነበር። ገልጠው አሳዩኝ። ባሕረ ሐሳብ ነው፤ የጾምና የበዓላት ቀን የሚሰላበት ቁጥር፣ መምህራቸው በእጃቸው የጻፉት። ለሒሳብ መምህር ይሆነዋል ብለው መርጠው ነበር የሰጡኝ። መልሰው እጄ ላይ አኖሩት። «ውሰድ፣ አንብብ፣ መልስ» አሉ፤ ሦስተኛዋን ቃል ጠበቅ አድርገው። ባለ ቀንዱን ካርቶን ክፍተቱ ላይ አቆሙት። መጻሕፍት ቤት የገባ ሁሉ እኔን በጎን እያየ ወጣ።

ሁለተኛው ዓይኔ የተጨመረልኝ ሁዳዴ ሊገባ ሲል ነው። የጾሙን መግቢያ ራሴ አስልቼ ሄጄ ነገርኳቸው፤ ብሩሻቸውን አነሱ። አዲሱ ዓይን ከመጀመሪያው ይበልጣል፣ የሚያየውም ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው። ቀንዱን ግን አልነኩም። «እሱ የራስህ ነው» አሉኝ።

እንግዲህ ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። አሁንም ሥርዓት እወዳለሁ፤ ተማሪዎቼም ደብተር ይሸፍናሉ። ግን መጀመሪያ ውስጡ ያለውን ይነግሩኛል፣ ከዚያ ይሸፍናሉ። ቤቴ መደርደሪያ ላይ ደግሞ አሥራ አንድ ክፍት ቦታዎች አሉ፤ መጽሐፎቼ ሰው ዘንድ ናቸው። በየክፍቱ የቆሙት ሥዕሎች የእኔ እጅ ናቸው። ከየኔታም ይከፋሉ።

አሁን ደግሞ የእናንተ ተራ ነው። መስተዋት ሳታዩ፣ ስልክም ሳታወጡ፣ ራሳችሁን በጎን ሣሉ። አታሳምሩ። ሥዕሉን ጎናችሁን ለሚያይ ሰው፣ ለጎረቤት ወይም ለሥራ ባልደረባ ወስዳችሁ «ይህን ሰው ታውቀዋለህ?» በሉት። ከሣቀ ምክንያቱን አትጠይቁ። ወደ ቤታችሁ ግቡና፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ የሸፈናችሁትን መጽሐፍ ግለጡት።